ኮድ ከማስጻፌ በፊት አስገምታለሁ፦ ጀማሪን ፕሮግራሚንግ የማስተምርበት መንገድ

ሰሌዳው ላይ ሦስት መስመር ጻፍኩ።

ሀ = 5
መ = ሀ
ሀ = 7

«ሦስቱም በተራ ከሠሩ በኋላ መ ስንት ይዟል?» አልኳቸው። ክፍሉ ውስጥ 52 ልጆች አሉ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «7» አሉ። መልሱ 5 ነው።

ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠውን ልጅ «እስቲ እንዴት እንዳሰብሽው ንገሪኝ» አልኳት። ሒሳብ ላይ ከክፍሉ የሚደርስባት የለም። «ቲቸር፣ መ ከሀ ጋር እኩል ነው ተብሏል። ሀ 7 ከሆነ መም 7 መሆን አለበት። አለዚያ እኩል አይደሉማ» አለችኝ። ከኋላ ደግሞ አንዱ ልጅ «ሀ ሲቀየር ኮምፒውተሩ መንም ያስተካክለዋል፤ ያውቃል እኮ» አለ።

ሁለቱም ሰነፎች አይደሉም። የልጅቷ መልስ እንዲያውም በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ቢሆን ምንም እንከን አይወጣለትም። ችግሩ የእኩል ምልክቱ እኔ በማስተምረው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ፣ በፓይተን ውስጥ፣ ሌላ ሥራ ያለው መሆኑ ነው። «በቀኝ ያለውን ዋጋ ውሰድና በግራ ባለው ስም አስቀምጥ» ማለት ነው፤ አሁን፣ አንዴ፣ ከዚያ በቃ። ይህን ደግሞ ማንም አልነገራቸውም። እኔም አልነገርኳቸውም ነበር።

ደሴ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ነው የማስተምረው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ኮዱን ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ አስገለብጥ ነበር። ደብተራቸው ያምራል። ኮምፒውተር ላብ ስንገባም ያንኑ ይተይቡና ይሠራላቸዋል። ፈተና ላይ ግን አንዲት ቁጥር ቀይሬ «አሁንስ ምን ያወጣል?» ስላቸው ወረቀቱ ባዶውን ይመለሳል። ያኔ «አያጠኑም» እል ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል። ልጆቹ ሲያጠኑ ነው የሚያመሹት፤ የሚያጠኑት ግን የኮዱን መልክ እንጂ ኮዱ ሲሠራ የሚሆነውን አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ትምህርት ቤት ለምታስተምሩ፣ ማሠልጠኛ ላላችሁ፣ ወይም እቤት ታናሻችሁን ፓይተን ለምታስጀምሩ ነው። ብዙ ኮምፒውተር አያስፈልጋችሁም። ጠመኔ፣ መቀስና ፖስታ ካላችሁ ግማሹ ተሟልቷል።

መጀመሪያ የልጁን ማሽን እወቁ

ተመራማሪው ቤኔዲክት ዱ ቡሌይ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ጽሑፍ ጀማሪዎች ምን ላይ እንደሚቸገሩ ዘርዝሯል። ከዝርዝሩ እኔን የያዘኝ አንድ ነገር ነው። ተማሪው ኮዱ ሲሠራ ኮምፒውተሩ ውስጥ ምን እንደሚሆን በሐሳቡ የሚስለው ማሽን አለው። ያ ማሽን ከተበላሸ የሚጻፈው ኮድ ሁሉ ይበላሻል። በዚያው ዓመት ሮይ ፒ የተባለ ሌላ ተመራማሪ የስሕተቶች ሁሉ እናት ያለውን አንድ እምነት ጠቀሰ፦ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚያስብ፣ ሐሳባችንን የሚረዳ ነገር ተደብቋል ብሎ ማመን። «ያውቃል እኮ» ያለኝ ልጅ ትዝ አለኝ። ያ ልጅ ከደሴ ወጥቶ አያውቅም፤ ስሕተቱ ግን አሜሪካ ውስጥ ከተመዘገበው ጋር አንድ ነው።

ስለዚህ አዲስ ነገር ከማስተማራችሁ በፊት ጠይቁ። «ገባችሁ?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ። «ገባችሁ?» ሲባል 52 ልጅ በአንድ ድምፅ «አዎ» ይላል። «ይህ ምን ያወጣል? ለምን?» በሉ። «ለምን» የምትለዋን አትዝለሏት። ትክክል የመለሰውንም ጠይቁት፤ ትክክለኛ መልስ በተሳሳተ ምክንያት የሚሰጥ ብዙ አለ።

ለመ እና ሀ ነገር የኔ ማስተካከያ ዳቦ ነው። «ጠዋት ዳቦ 5 ብር ነበር፣ 5 ብር ከፈልሽ። ከሰዓት ዋጋው 7 ገባ። ጠዋት የከፈልሽው ይለወጣል?» አልኳት ያችን የፊት ወንበር ልጅ። ሳቀች። ከዚያ ሦስቱን መስመሮች በራሷ እንደገና ጻፈቻቸው፦ ዋጋ = 5፣ ክፍያ = ዋጋ፣ ዋጋ = 7።

መጻፍ በመጨረሻ ይሁን

እ.ኤ.አ. በ2001 ማይክል ማክራከን የመራው ቡድን የመጀመሪያውን የፕሮግራሚንግ ኮርስ የጨረሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ኮድ አስጻፈ። ተፈታኞቹ 216 ነበሩ፣ ከአራት ዩኒቨርሲቲዎች። አማካይ ውጤታቸው ከ110 ውስጥ 22.89 ሆነ። አስተማሪዎቹ ደነገጡ። በ2004 ሬይመንድ ሊስተር ከሰባት አገር ባልደረቦቹ ጋር ሌላ ጥያቄ አነሣ፦ መጻፉ ይቅርና አጭር ኮድ አንብበው ውጤቱን መናገር ይችላሉ? ብዙዎቹ እሱም አቃታቸው።

እኔ ከዚህ የወሰድኩት ቀላል ነው። ፊደል ያልለየ ልጅ ድርሰት ጻፍ አይባልም። ኮድ ላይ ግን በመጀመሪያው ሳምንት «ጻፉ» እንላለን።

እንግሊዝ አገር ሱ ሴንታንስና ጄን ዌይት ለመምህራን አንድ ቅደም ተከተል አዘጋጅተዋል። በኔ አማርኛ እንዲህ ነው፦ ገምት፣ ራን አድርግ (ኮዱን አሠራው)፣ መርምር፣ ቀይር፣ ፍጠር። ልጁ መጀመሪያ የሚያየው ኮድ ሌላ ሰው የጻፈው ነው። የራሱን የሚፈጥረው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ጋ ከገምት እስከ ቀይር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፈጃል። አትቸኩሉ።

ግምቱን በእስክሪብቶ አስጽፉ። በእርሳስ ከሆነ ኮዱ ራን ሲደረግ ያጠፉትና ትክክለኛውን ይተካሉ፤ እናንተም ምን አስበው እንደነበር ሳታውቁ ትቀራላችሁ። ለግምት ማርክ አትስጡ፣ አትቀንሱም። ይህን በመጀመሪያው ቀን ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ልጆቻችን መሳሳት የሚያስቀጣ ነገር መስሏቸው ነው ያደጉት።

ሰንጠረዡ

ካለኝ መሣሪያ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዝ ብባል ይህን እይዛለሁ። ሰሌዳው ላይ ለእያንዳንዱ ቫሪያብል (እንደ ሀ እና መ ዋጋ ለሚይዝ ስም) አንድ ዓምድ ስሩ። ኮዱን ከላይ ወደ ታች አንድ አንድ መስመር ሂዱ። ዋጋ ሲቀየር የድሮውን በዳስተር አታጥፉ። በአንድ ሰረዝ ሰርዙና አዲሱን ከሥሩ ጻፉ። ልጆቹ የድሮው ዋጋ እንደ ሄደ፣ ግን መቼ እንደ ሄደም ማየት አለባቸው።

አንድ ሉፕ፣ ማለትም በዙር የሚደጋገም ኮድ፣ ልንገራችሁ። ድምር በ0 ይጀምራል። ቁጥር «ከ1 እስከ 5» ባለው ሬንጅ (የተከታታይ ቁጥሮች ረድፍ) ውስጥ ይሄዳል፤ በየዙሩ ድምር ላይ ቁጥር ይጨመራል። «መጨረሻ ላይ ድምር ስንት ነው?» ስል ክፍሉ «15!» ይላል። ጥሩ የሒሳብ ተማሪዎች ናቸው። አሁን ሰንጠረዡን እንሞላለን። ቁጥር 1፣ ድምር 1። ቁጥር 2፣ ድምር 3። ቁጥር 3፣ ድምር 6። ቁጥር 4፣ ድምር 10። «ቀጥሎስ?» ይላሉ። ቀጥሎ የለም። የፓይተን ሬንጅ መጨረሻ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይጨምርም፤ 5 ላይ ሲደርስ ይቆማል። ይህን በቃል አሥር ጊዜ ብነግራቸው ይረሱታል። ዓምዱ 4 ላይ ሲያልቅ በዓይናቸው ካዩት ግን አይረሱትም።

ሌላ ትንሽ ነገር። ልጆቹ ሰንጠረዥ ሲሞሉ ከሚያነቡት መስመር በታች ያለውን በደብተር አስሸፍኗቸው። ዓይን ይሮጣል። የመጨረሻውን መስመር ያየ ልጅ መሐሉን ሳይሠራ መልሱን ይወስናል።

ኢንተርኔት ካላችሁ ፓይተን ቲዩተር የሚባል ድረ ገጽ ይህንኑ በሥዕል ያሳያል፤ ቁልፉን በተጫናችሁ ቁጥር አንድ እርምጃ ይሄዳል። ግን ከሰንጠረዡ በኋላ ክፈቱት። መጀመሪያ እጃቸው ይሥራው።

መብራት ሲጠፋ

ላባችን ውስጥ 24 ኮምፒውተሮች አሉ፤ የሚሠሩት 15 ናቸው። መብራቱ ደግሞ ደስ ባለው ሰዓት ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ መብራት ሲጠፋ ክፍለ ጊዜው ይባክን ነበር። አሁን ጠረጴዛዬ ውስጥ 20 ፖስታዎች አሉኝ።

ሐሳቡ የኒውዚላንዶቹ የዴል ፓርሰንስና የፓትሪሺያ ሄደን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ነው ያወጡት። የሚሠራ ኮድ ትወስዳላችሁ፣ መስመሮቹን ትበታትናላችሁ፣ ተማሪው ቅደም ተከተላቸውን ያስተካክላል። አሜሪካ ውስጥ ባርባራ ኤሪክሰን ይህን ከዜሮ ኮድ ከመጻፍ ጋር አወዳድራው ነበር። በአነስተኛ ጊዜ ተቀራራቢ ትምህርት እንደሚገኝበት አገኘች። ለኛ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከ8 እስከ 10 መስመር ያለው ኮድ ኤ4 ወረቀት ላይ በማርከር በትልቁ ጻፉ። በየመስመሩ ቁረጡት። ሁለት የተሳሳቱ መስመሮች ጨምሩበት፤ ለምሳሌ ድምርን ከሉፑ በፊት 0 የሚያደርግ ትክክለኛ መስመር ካለ፣ 1 የሚያደርግም ጨምሩ። በየቁራጩ ጀርባ የፖስታውን ቁጥር ጻፉ። ይህን ባለማድረጌ አንድ ቀን የስድስት ቡድን ወረቀት ተደባልቆ ሙሉ ማታ ስለይ አድሬአለሁ። የመስመሩን ተራ ቁጥር ግን ጀርባው ላይ አትጻፉ፤ ገልብጠው ያዩታል።

ፓይተን ውስጥ ወደ ቀኝ ገባ ማለት ትርጉም ስላለው ወረቀቱንም ወደ ቀኝ ገፋ አድርገው እንዲያስቀምጡ አዘዝኳቸው። አንድ ቡድን «ድምርን አሳይ» የምትለዋን ወረቀት ሉፑ ውስጥ አስገባት። ሌላው ቡድን ወደ ግራ አወጣት። ሁለቱ ቡድኖች በወረቀቷ ላይ ሲከራከሩ አሥር ደቂቃ አለፈ። አንዷ ልጅ ወረቀቷን በጣቷ ወደ ቀኝ እየገፋች «እዚህ ከሆነ አራት ጊዜ ያወራል» አለች፤ ወደ ግራ መለሰችና «እዚህ ከሆነ አንዴ»። እኔ ያን ልዩነት ሰሌዳ ላይ ለማስረዳት ዓመታት ለፍቻለሁ።

ክርክሩን አደራጁት

ክርክር ጠቃሚ መሆኑን ካየሁ በኋላ ሆን ብዬ ማስነሣት ጀመርኩ። ዘዴው ከፊዚክስ የመጣ ነው፤ ሃርቫርድ ውስጥ ኤሪክ ማዙር ነው ያስፋፋው። ሳንዲዬጎ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊዮ ፖርተር፣ ቤት ሳይመንና ባልደረባቸው ወደ ፕሮግራሚንግ አምጥተውት የሚወድቁት ተማሪዎች ቁጥር ከግማሽ በላይ እንደ ቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትመዋል።

አራት ምርጫ ያለው ጥያቄ ጻፉ። ልጆቹ ለብቻቸው ያስቡ። ከዚያ መልሳቸውን በጣት ደረታቸው ላይ አድርገው ያሳዩ፤ ወደ ላይ ከሰቀሉት ሁሉም ወደ ጎበዙ ልጅ ያያል። ቆጠራውን ለራሳችሁ ያዙ። መልሱን አትናገሩ። «ከጎንህ ካለው ጋር ተከራከር፣ አሳምነው» በሉ፣ ሁለት ደቂቃ ስጡ። እንደገና ጣት ያሳዩ። ከዚያ በኋላ ነው ማብራራት። ሁሉም ከመጀመሪያው ካወቁት እለፉ። ማንም ካላወቀው ማከራከሩ ጥቅም የለውም፤ ወደ ሰንጠረዡ ተመለሱ።

ኮምፒውተር ሲያንስ ሁለት ልጅ በአንድ ማስቀመጥ ለኛ ግዴታ ነው። ግን ዝም ብሎ ማስቀመጥ አይጠቅምም። እኔ አንዱን ሹፌር፣ ሌላውን ረዳት እላቸዋለሁ። ሹፌሩ ይተይባል፤ ረዳቱ ኪቦርድ አይነካም፣ መንገድ ያሳያል፣ ስሕተት ሲያይ «ወራጅ አለ!» ይላል። ይህችን ቃል ይወዷታል። በየ7 ደቂቃው አጨበጭባለሁ፣ ይቀያየራሉ። መቀያየሩን አጥብቃችሁ ያዙ። ካልያዛችሁት ወንዶቹ ኪቦርዱን ይዘው ይቀራሉ፣ ሴቶቹ ሲያዩ ይውላሉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አልታገሠውም። ሳንታ ክሩዝ ላይ ቻርሊ ማክዳውልና ሊንዳ ወርነር ያጠኗቸው ጥንድ ሆነው የሠሩ ተማሪዎች ኮርሱን የመጨረስ ዕድላቸው ለብቻቸው ከሠሩት ከፍ ያለ ነበር።

በአማርኛ አስቡ

ፊሊፕ ጉዎ፣ ያንን ፓይተን ቲዩተር የሠራው ሰው፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ተማሪዎችን ጠይቆ ነበር። ከ86 አገር 840 ሰዎች መለሱ። ብዙዎቹ ያነሡት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መማር እንደሚከብድ ነው፦ ቋንቋውንም ኮዱንም። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ሳያሚንዱ ዳስጉፕታና ቤንጃሚን ማኮ ሂል ስክራች የሚባለውን የልጆች የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚጠቀሙ ልጆችን አጥንተው ትእዛዞቹን በአገራቸው ቋንቋ የሚያዩት ጀማሪዎች አዲስ ነገር ቶሎ ቶሎ እንደሚጨብጡ አሳይተዋል። ስክራች አማርኛ አለው። ቋንቋውን ቀይሩላቸው።

ፓይተን ውስጥ ትእዛዞቹ እንግሊዝኛ ናቸው፤ የቫሪያብል ስም ግን በግዕዝ ፊደል ይቀበላል። ድምር፣ ዋጋ፣ ዕድሜ እያሉ መሰየም ይችላሉ። ይህ አንድ ጥሩ ነገር አለው፦ የኛ ስም የትኛው እንደሆነ፣ የፓይተን ቃል የትኛው እንደሆነ በዓይን ይለያል። ጀማሪ ይህን ነው የሚያምታታው።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ግን አለ። አንድ ልጅ የመጀመሪያው መስመር ላይ «ሰራተኛ» ብሎ፣ ስድስተኛው ላይ «ሠራተኛ» ብሎ ጻፈ። ኤረር (የስሕተት መልእክት) መጣ፤ እንዲህ የሚባል ስም የለም ይላል። ልጁ ስክሪኑን እያሳየኝ «ይኸው አለ እኮ ቲቸር!» ይላል። ለጆሮ አንድ ነው። ለኮምፒውተር ሁለት ፊደል ነው፣ ሁለት ስም ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀም እንዲሁ። አ እና ዐም እንዲሁ። ይህ ኤረር ያናድዳል፤ ግን «ያውቃል እኮ» ለሚለው ልጅ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። ማሽኑ አያውቅም። የተጻፈለትን ብቻ ነው የሚያየው። ነጠላ ሰረዝ ላይም የግዕዙን ፣ ከተጫኑ አይሠራም፤ ኪቦርዱን መልሱ።

ኤረር ሲመጣ ደግሞ ከታች ወደ ላይ አስነብቧቸው። ፓይተን ዋናውን ነገር መጨረሻው መስመር ላይ ነው የሚጽፈው። ተራ ቁጥሩን ፈልገው ይጠቁሙ፣ ከዚያ በአማርኛ ይንገሯችሁ።

አሁን ይጻፉ

የምሰጣቸው የመጀመሪያው እውነተኛ ጥያቄ አሮጌ ነው። ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኤሊዮት ሶሎዌይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተጠቀመበት የዝናብ ጥያቄ ነው። የየቀኑን ዝናብ መጠን እየተቀበልክ ሂድ፤ 99999 ሲገባ አቁም፤ አማካዩን አሳይ። ቀላል ይመስላል። ብዙ ተማሪ ይወድቅበታል፤ መቀበል፣ ማቆም፣ መደመር፣ መቁጠርና ማካፈል አንድ ላይ መስፋት ስላለበት ነው።

ባዶ ስክሪን ፊት አታስቀምጧቸው። መጀመሪያ ወረቀት ላይ የየክፍሉን ስም ይጻፉ፦ አዘጋጅ፣ ተቀበል፣ ማብቂያው መሆኑን አጣራ፣ ደምርና ቁጠር፣ አካፍል፣ አሳይ። እንዲህ ለየክፍሉ ስም መስጠት ጀማሪን እንደሚረዳ ብሪያና ሞሪሰን፣ ሎረን ማርጉሊዩና ማርክ ጉዝዲያል አጥንተውታል። ከዚያ በየስሙ ሥር ኮዱን ይሙሉ። ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ገና መጀመሪያው ላይ 99999 ቢገባስ?» በ0 ሊያካፍል ነው። ዝም ይላሉ። ከዚያ አንዱ «አሃ!» ይላል።

አንዳንድ መምህር «ይህ ትምህርት ተሰጥኦ ነው፤ ለአንዳንዱ አይገባውም» ሲል እሰማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሰዒድ ደህናዲና ሪቻርድ ቦርናት የሚባሉ እንግሊዝ አገር የሚሠሩ ሁለት ሰዎች የሚያልፈውንና የሚወድቀውን ገና ከመጀመሪያው የሚለይ ፈተና አገኘን ብለው ጽፈው ነበር። የፈተናው ጥያቄ እኔ ሰሌዳ ላይ ከጻፍኳቸው ሦስት መስመሮች ጋር አንድ ዓይነት ነው። በ2014 ቦርናት ራሱ ያንን አባባል በይፋ አንሥቷል፣ ይቅርታም ጠይቋል። የኔዋ ልጅም በዚያ የመጀመሪያ መልሷ ብቻ ብትመዘን ኖሮ «አይሆንላትም» ትባል ነበር። ዛሬ የዝናቡን ጥያቄ ለጓደኞቿ የምታስረዳው እሷ ናት።

ከመውጣታቸው በፊት አምስት ደቂቃ አስቀሩ። በቁራጭ ወረቀት አንድ አጭር ኮድ ስጧቸው፣ ውጤቱን ይገምቱ፣ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ስም አያስፈልግም። ማታ እቤት ወረቀቶቹን ምንጣፍ ላይ አስቀምጬ በስሕተታቸው እከምራቸዋለሁ። «እኩል ነው» ያሉት እዚህ፣ «ሬንጁ 5ን ይጨምራል» ያሉት እዚያ። ትልቁ ክምር የነገው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ነው።